ሙጃን በእግር ሲቃኙ ትንፋሽዎን ያድምጡ

ላሊበላን ከሚጎበኘው ሰው ብዙው ከአብያተ ክርስቲያናቱ አልፎ አይሄድም። የሙጃን መንደሮች በእግርዎ ሊቃኙ ካሰቡ ግን አስቀድመው ስለ ትንፋሽዎ ያስቡ። ከቆቦ ሜዳ ወደ ላስታ ደጋ በመኪና በአንድ ቀን ሲወጡ ሰውነትዎ የኦክስጅኑን ማነስ ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ሲያልፉ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊሰማዎት ይችላል።

የመጀመሪያውን ቀን ይረፉ፤ ውኃ ይጠጡ፤ አረቄውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ዳገቱን እያወሩ መሄድ በሚያስችልዎ ርምጃ ይውጡት። ራስዎን ካመመዎት ሽቅብ መውጣቱን ያቁሙ። ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ከተንገዳገዱ ወይም ከተደናገሩ ግን ወዲያውኑ ወደ ቆላው ይውረዱ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂዱ። ብቻዎን አይጓዙ፤ የተደናገረ ሰው መታመሙን ራሱ ላያውቅ ይችላልና።