ወባ ሲያንቀጠቅጥ፦ ሕፃን የያዘች እናት ሕክምናዋና ሶላቷ



አሶሳ ላይ ዝናቡ ጋብ ብሎ ማንጎው ሥር ያለው ጭቃ መድረቅ ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ የጤና ጣቢያዎች ደጃፍ ልጅ ባዘሉ እናቶች ይሞላል። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ወቅት የማውቀው በስም መጥሪያው ላይ ነበር። በጥቅምት "ትናንት ለምን ቀረህ?" ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ከሁለት አይዘልም፤ "ወባ አሞኝ" ወይም "እናቴን ወባ ይዟት ሕፃኑን ስጠብቅ"። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሁለተኛው መልስ ነው። ልጅ ሲታመም እናት ታስታምማለች። እናትየዋ ራሷ ብርድ ልብስ ሥር ስትንቀጠቀጥ፣ የሁለት ዓመቱ እያለቀሰ፣ ጡት የሚጠባው እየተራበ፣ ዐስርም እየገባ ምን ታድርግ? እህቶች ይህን በተለያየ መልክ ይጠይቃሉ። መልሱ ግማሹ ከሐኪም፣ ግማሹ ከፊቅህ ስለሚመጣ ሁለቱን አብሬ አቀርባለሁ።

ብዙዎቻችን እዚህ አካባቢ የወባን ታሪክ ከቤተሰባችን እናውቀዋለን። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳና ወደ መተከል ፓዌ የሰፈሩት ወገኖች ከደጋና ከወይና ደጋ የመጡ ስለነበሩ፣ ሰውነታቸው ለቆላው ወባ እንግዳ ነበር። ዛሬም በቁጥር በሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች የሚኖሩ አዛውንቶች ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያወሩ ከረሃቡ ቀጥሎ የሚያነሱት ንዳዱን ነው። ወባ ባለበት አገር ያደገ ትልቅ ሰው ደጋግሞ በመያዝ የተወሰነ መቋቋሚያ ያገኛል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዲስ መጪ ግን ያ የላቸውም። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በአውሮፓውያኑ 2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ሕዋሶቹ በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ የሚለቁት ነገር በአንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። ሰውነት 38 ዲግሪ ላይ ሆኖ 40 መድረስ ያለበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ እየጋለ ይበርደዋል፣ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ይህ የብርድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ቀጥሎ ለሰዓታት የሚቆይ ትኩሳት ይመጣል፣ በመጨረሻም ላብ ያጠምቅና ሰውዬው ዝሎ ይተኛል። ሕክምና ካልተጀመረ በየ48 ሰዓቱ ገደማ፣ አንድ ቀን እያለፈ፣ ሊመላለስ ይችላል። እናቶቻችን "ዛሬ ተወኝ፣ ነገ ይመጣል" የሚሉት ይህንኑ ነው።

እናት ይህን ቅደም ተከተል ማወቋ ይጠቅማታል። ብርዱ ሲጀማምራት ልጁን ከእጇ ታውርድ፤ አልጋ ጫፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ። የሚንቀጠቀጥ እጅ የፈላ ጀበና አይይዝም፣ ከምድጃ አጠገብም ሕፃን አያቅፍም። እዚህ ላይ በወባው ሳይሆን በወባው ሰበብ በቃጠሎ የተጎዳ ልጅ አይቻለሁ። ጡት ማጥባት አይቋረጥም፤ ወባ በጡት ወተት አይተላለፍም፣ ጋደም ብሎም ማጥባት ይቻላል። የሚያጠባ ሰው ትኩሳት ሲኖረው ውሃ ቶሎ ስለሚጎድለው ግን አብዝታ መጠጣት አለባት።

ትልቁ ስሕተት ልጁን በራስ ሕመም መለካት ነው። "እኔን አንቀጥቅጦኛል፣ እሱን ግን አላንቀጠቀጠውም፤ ጥርስ ሊያበቅል ነው" ይባላል። በሕፃናት ላይ ያ የታወቀው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ማለት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም መፍዘዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ሕፃንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርስ የሚችል ስለሆነ፣ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ያስፈልጋል። የቀበሌ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ትመረምራለች፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የወባ ምርመራም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው በኋላ ራሱን ከሳተ፣ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መዳፉ ከነጣ ወይም ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ደግሞም ብርድ ብርድ ያለው ሁሉ ወባ አይደለም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ታይፎይድም ያንቀጠቅጣሉ። የምታጠባ እናት አንዱ ጡቷ ቀልቶና ጠጥሮ ብርድ ከተሰማት ምክንያቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው "ወባ የለም" ሲል መልሱን ተቀብሎ ሌላ ምክንያት ማስፈለግ እንጂ ካለፈው ዓመት የተረፈ ኮአርተም መዋጥ አይገባም።

መድኃኒቱ ሲታዘዝ ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። የሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። የልጅ መጠን በክብደቱ ነው፤ የእናትን ገምሶ መስጠት አይሆንም። ልጁ እንደዋጠ ካስመለሰ ወደ ባለሙያዋ ተመልሶ መናገር ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ ቀሪውን ለመጪው ዓመት ማስቀመጥ የብዙ ቤት ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሽታው የሚመለሰውም በዚሁ ልማድ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ "ወባዬ ተነሳብኝ" የሚያሰኝ ነው። ያንን ከሥሩ የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃንና እንዲህ ያለ ሕፃን ለምታጠባ እናት አይሰጥም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር መሆኗንና የልጇን ዕድሜ ሳትጠየቅም ትናገር።

ትኩሳትን በውሃ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትኩሳትን በውሃ እንድናበርድ ያዘዙበት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ትኩሳት ያለባት ሴት ስትመጣላት በአንገቷ በኩል ውሃ ታፈስላት ነበር። በሌላ በኩል ልጅ ሲያተኩሰው በጋቢ ላይ ጋቢ መደረብ እኛ ዘንድ ልማድ ነው፤ ይህ ትኩሳቱን ያብሰዋል። ልብሱን አቅልሎ፣ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ግንባሩን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን መዳበስ፣ ፓራሲታሞልንም በክብደቱ ልክ መስጠት ይበልጣል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ሐዲሱን በጭፍን መያዝም ልክ አይደለም። ኢብኑል ቀይም "ዛዱል መዓድ" በተሰኘው ኪታባቸው ንግግሩ በሙቀት ለሚመጣው የሒጃዝ ሰዎች ትኩሳት የተነገረ መሆኑን ያብራራሉ። ስለዚህ ጥርሷ የሚንቀጫቀጭን ሴት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ከሱና አይቆጠርም። ብርዱ ሲያልፍና ገላ ሲግል ነው ማብረዱ። ሩቅያም፣ ቁርኣን የተቀራበት ውሃም ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ምትክ አይደለም፤ ባላገሮቹ መጥተው "እንታከም ወይ?" ሲሏቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ ነው የመለሱላቸው።

ዐስር ሳይገባ የሚመጣው ብርድ

ሙሃጂሮቹ መዲና ሲገቡ ከተማዋ በንዳድ የታወቀች ነበረች። አቡበክርና የእኛው የሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ወደቁ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጠይቃቸው ሁኔታቸውን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግር፣ አላህ መዲናን እንዲያስወድዳቸውና ትኩሳቷን ወደ ጁሕፋ እንዲያዞረው ዱዓእ አደረጉ። አንዲት ሴት ደግሞ ስትንቀጠቀጥ አግኝተዋት ትኩሳቱን ስትረግም፣ እንዳትረግመው መክረው ወንጀል የሚያራግፍ መሆኑን ነገሯት። ሕመሙ ለሶሓቦችም እንግዳ ስላልነበረ የሶላቱም ፊቅህ በዝርዝር ተጽፏል።

መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ውሃው ሕመሟን የሚያብስባት ወይም ድኅነቷን የሚያዘገይባት ከሆነ በተየሙም ትሰግዳለች፤ ለብ ያለ ውሃ የሚያዘጋጅላት ሰው ካለና የማይጎዳት ከሆነ ግን ውዱእ ታደርጋለች። በአሶሳ አካባቢ በሱዳን በኩል በመጣው የዒልም መስመር የተነሳ የማሊክይ መዝሀብ ሥር የሰደደ ነው። የመዝሀቡ ዋና ማጠቃለያ የሆነው የኸሊል "ሙኽተሰር" በሁለተኛው ሶላት ወቅት የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው፣ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ወቅት አምጥቶ መስገድ እንደሚችል በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ይህን መጀመሪያ ስማር ለምን ብርድን ለይቶ እንዳነሳ አልገባኝም ነበር፤ ገብቶኝ የማያውቀው ነገር የገባኝ የወባን የቀን ዑደት ሳነብ ነው። ትናንት ወዲያ ከቀትር በኋላ የመጣባት እህት ዛሬም በዚያው ሰዓት ልትጠብቀው ምክንያት አላት። ዙህርና ዐስርን በዙህር ሰዓት ሰግዳ፣ ብርዱ ሳይመጣ ቢቀር ዐስርን በወቅቱ ትደግመዋለች።

ከወሎ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ሻፊዒይ ወይም ሐነፊይ ናቸው። በሐነፊዮች ዘንድ ለሕመም ሲባል ሶላትን ወደ ሌላው ወቅት ማምጣት የለም፤ ዙህርን በመጨረሻው ሰዓት፣ ዐስርን በመጀመሪያው ሰዓት ማቀራረብ ግን ይቻላል። የሻፊዒዮች የታወቀው አቋምም ክልከላ ነው፤ ሆኖም ነወዊን ጨምሮ የተወሰኑ ዑለማዎቻቸው ለታማሚ መፈቀዱን መርጠዋል። የቅርባችሁን ኡስታዝ ጠይቁ፤ ብቻ ሦስት ቀን ሙሉ ሶላት ትቶ "ስድን አወጣዋለሁ" ማለት በየትኛውም መዝሀብ መልስ አይደለም።

ልጁ ከጀርባ አልወርድ ካለስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙም ለእናቲቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩት ነበር። ከታመመ ልጅ የሚደርሳትን እርጥበት በተመለከተ ማሊክዮች ለመጠንቀቅ የምትጥርን አጥቢ ይቅር ይሏታል፤ ለሶላት የሚሆን ሌላ ልብስ ማስቀመጧን ደግሞ ይወዳሉ። ሕመሙ ረመዷን ላይ ከመጣ አፍጥራ መድኃኒቷን ከምግብ ጋር ትወስዳለች፣ ሲሻላት ቀዷእ ታወጣለች።

አባወራው የት ነው?

ይህን ክፍል ወንዶች ያንብቡት። ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) በድር ላይ አልነበሩም። ሚስታቸው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ፣ ታማ ስለነበር እንዲያስታምሟት እዚያው መዲና ቀሩ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የዘማች ምንዳና ድርሻ እንዳላቸው ነገሯቸው። ሩቀያ ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ የነበረችው ናት፤ በዚያው ሕመም ሞተች። ከበድር የሚያስቀር ሕመም ከገበያ፣ ከመደብርና ከቡና ላይ ጨዋታ የማያስቀርበት ምክንያት አይታየኝም። ታማሚን የሚያስታምም ሌላ ሰው ከሌለ የጁሙዓ ግዴታ እንኳን ለአስታማሚው ይነሳል። ሰውየው የሠለጠነ ነርስ መሆን አይጠበቅበትም። ሕፃኑን ይዞ ጤና ኬላ መሄድ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ማታ ማታ ልጆቹን መመገብ ይችላል። ባሏ ሩቅ ሥራ ላይ ያለች ደግሞ ወቅቱ ሳይገባ ከጎረቤት ጋር ትነጋገር፤ "ብርዱ ከያዘኝ ልጄን ወስደሽ ያዢልኝ" ብሎ ቀድሞ መስማማት በትኩሳት መሃል ከመጣራት ይቀላል።

አጎበሩን በተመለከተ፣ በቤቱ አንድ ብቻ ካለ ሕፃናቱና ነፍሰ ጡሯ ይተኙበት፤ እንግዳና አባወራ ከዚያ በኋላ ነው። ለአሣ ማጥመጃና ለእህል መሸፈኛ የዋለ አጎበር በየመንደሩ አለ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ሥራዋን የምትጀምረው ከምሽት ጀምሮ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድናስገባ አዝዘዋል። በሐዲሱ የተጠቀሰው ምክንያት የሸይጣኖች መሰራጨት እንጂ ትንኝ አይደለም፣ እኔም ያልተባለውን አልጨምርበትም። ግን በመግሪብ ልጇን አስገብታ ዒሻእ ሳይደርስ አጎበር ሥር ያስተኛች እናት፣ ማንጎው ሥር አምሽቶ ከሚጫወተው ልጅ ይልቅ የእሷ ልጅ ለንክሻ የተጋለጠበት ሰዓት ያነሰ ነው። አጎበሩን በየሦስት ወሩ ገደማ በቀላል ሳሙና አጥቦ ጥላ ላይ ማስጣት ይበቃል፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል። የተቀደደውን በመርፌና በክር መስፋት ይቻላል።