ከመሐንዲሱ በፊት የሚደርስ ደላላ

የቦሰት ወረዳዋ ወለንጪቲ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። እዚህም ቢሆን ቤት ሊሸጥ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ደላላ ነው። ገዥው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ግን ሌላም ሰው ግቢውን ይረግጣል፤ ሜትር የያዘው የባንክ መሐንዲስ። የቤቱን ግምት የሚያወጣው እሱ ነው።

መሐንዲሱ የሰፈር ዋጋ ሰምቶ አይገምትም። ቤቱን ይለካል፤ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን ሴራሚክ፣ የኮርኒሱና የጣሪያው ቆርቆሮ ሁኔታ እንዴት እንደሆነ ያያል። ከዚያ ካሬውን በግንባታ ዋጋ ያባዛል፣ በዕድሜው ልክ ይቀንሳል፣ ለአካባቢው የሚሰጠውን ይጨምራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሻጭና ገዥ ግን ሲዋዋሉ የቦታውንም ዋጋ ያስቡታል። የባንኩ ግምት ከስምምነቱ ዋጋ ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ጎበዝ ደላላ የሚለየው መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። እንበል ካርታና ፕላኑ ላይ ያለው ዋናው ቤት ብቻ ነው፤ ከጓሮ ደግሞ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተሠርቷል። ሻጩ ሰርቪሱን አስቦ ዋጋ ይጠራል፤ ፈቃድ የሌለውን ግንባታ ግን ባንክ ብዙውን ጊዜ ከግምት አያስገባም። ደላላው ካርታውን ይዞ ግቢውን አንዴ ቢዞር ኖሮ «ኦቦ፣ ይቺ ሰርቪስ ወረቀት ላይ የለችም፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት እንሂድ» ይል ነበር። የግብር ደረሰኙን፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፣ ባለትዳር ከሆኑ የሁለቱንም ፈቃድ ያን ጊዜውኑ ያጣራል። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ክፍሎቹ ሁሉ ተከፍተው እንዲቆዩ ያደርጋል፤ የተቆለፈ ክፍል መሐንዲሱን ሌላ ቀን ያመላልሰዋል።

የስምጥ ሸለቆ ሰው የሚያውቀው ሌላ ጉዳይም አለ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካለ በቀለም መሸፈን ገዥን መበደል ነው። መቼ እንደታየና ምን እንደተጠገነ ደላላው በግልጽ ይናገር።

መሐንዲሱን «ከፍ አድርግልኝ» ብሎ መለማመጥ ደግሞ ለማንም አይበጅም። ግምቱ ተጋንኖ ብድሩ ከበዛ በኋላ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ራሱ በጨረታ መሸጥ ይችላል። ጨረታው ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው እዚያው ተበዳሪው ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በቀብድ የሚመጣው ጉዳት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሉን ያፈረሰ ቀብድ ሰጪ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰም እጥፍ ይመልሳል። ግምቱ አንሶ ብድሩ ያልሞላለት ገዥ ምንም ሳያጠፋ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገዥ ሆይ፣ ቀብድ ከመቁጠርህ በፊት «ብድሩ ካልሞላ ቀብዱ ይመለሳል» የሚለውን ቃል ውሉ ላይ አስጽፍ። ደላላውንም «ካርታውን ከቤቱ ጋር አስተያይተኸዋል?» ብለህ ጠይቀው።