የአባቴ በርኖስ

ያለፈው ክረምት ሳጥኔን ከፍቼ፣ ከሟቹ አባቴ የወረስሁትን ጥቁር በርኖስ ለማናፈስ ባወጣሁት ጊዜ፣ እርጥበት የነካው የበግ ጠጉር ሽታ ከብዙ ዘመን የኩበት ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ቢያውደኝ፣ አዲስ አበባ ከቤቴ መቆሜን ረስቼ፣ በመንዝ ከመሐል ሜዳ በላይ ባለው ዳገት፣ ጉሙ ምድሩን ሲያለብሰው፣ በዚያው በርኖስ ሥር ተሸጉጬ የምሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንሁ። ከዚያ ቀን በፊት የአባቴን ድምፅ እንኳ ለማስታወስ ተስኖኝ ነበር።

ሊቃውንታችን ከአምስቱ ሕዋሳት አንዱን አጼንዎ ይሉታል፤ ማሽተት ማለት ነው። ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ሁሉ ወደ አእምሮ ከመዝለቁ አስቀድሞ በአንጎል መካከል ባለ ማከፋፈያ ሲያልፍ፣ መዓዛ ግን ያን ደጅ ሳይጠና፣ ፍርሃትና ፍቅር ከሚቀሰቀሱበት፣ ትዝታም ከሚታተምበት ስፍራ በቅርብ መንገድ ይደርሳል። ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ የተባሉት አሜሪካውያን በ1983 ዓ.ም. የመዓዛ ተቀባዮችን ዘረ መል ገልጠው በ1997 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል፤ በሰው አፍንጫ ወደ 400 የሚጠጉ የእነዚህ ተቀባዮች ዓይነቶች አሉ። ሽታ የሚቀሰቅሰው ትዝታም በብዛት ከመጀመሪያዎቹ 10 የዕድሜ ዓመታት የሚመጣ መሆኑን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል።

በመንዝ ደጋ እንጨት ብርቅ ስለ ሆነ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ጢሱም በሣር ክዳኑ፣ በልብሱ፣ በገብስ ቆሎው ሳይቀር ይሠርጻል። ክዳኑ የሚታጨድበት የጓሳ መሬት በቀሮ ሥርዓት፣ በአባቶች ውል፣ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበርና፣ ተከፍቶ ቤቱ አዲስ ክዳን በለበሰ ሰሞን የሣሩ መዓዛ ሌሊቱን ሁሉ ከተኛንበት ይወርድብን ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም መዓዛውን ከአፍንጫዬ አላወጣውም። ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ያደገው የመርሐ ቤቴ ልጅ ምናልባት በጤፍ አውድማ ሽታ ይባባ ይሆናል፤ የመንዙንም የግሼውንም የእርሱንም ልብ በአንድነት የሚመልሰው ግን፣ ካህኑ በንጋት ጽናውን ይዞ ሲያጥን የሚያርገው የዕጣን ጢስ ነው።

ዘወትር የሚሸተት ነገር አዲስ ትዝታ እየተደራረበበት የቀድሞው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በርኖሱን ቶሎ ወደ ሳጥኑ መለስሁት። አንባቢ ሆይ፣ ከወላጆችህ የወረስኸው ጋቢ ወይም በርኖስ ቢኖር፣ ሳሙና ሳታስነካው በፊት ልጅህን ጠርተህ አብራችሁ አሽትቱት፤ የማን እንደ ነበረም ንገረው።