ከስትሮክ በኋላ ስኳር እስከ ምን ድረስ ይውረድ?

የስኳር ሕመምተኛ በስትሮክ ሲመታ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳሩ ከፍ ብሎ መገኘቱ ቤተሰብን ያስጨንቃል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሕሙማን የማገገም ዕድላቸው እንደሚያንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ከዚህ ተነስቶ «በተቻለ መጠን ይውረድ» ማለት ግን ትክክል አይደለም። በአሜሪካ 1,151 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ሻይን» የተባለ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። የአንዱ ቡድን ስኳር በደም ሥር በሚሰጥ ኢንሱሊን ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር እንዲሆን ተሞከረ፤ ለሌላው እስከ 179 ተፈቀደ። ከ90 ቀን በኋላ በጥሩ ሁኔታ ያገገሙት 20.5 እና 21.6 በመቶ ነበሩ፤ ጥብቁ ቁጥጥር ብልጫ አላሳየም። ከ40 በታች የወረደ አደገኛ የስኳር ማነስ የደረሰው ግን በጥብቁ ቡድን ብቻ ነው።

«ከፍተኛ ስኳር የሚጎዳ ከሆነ ማውረዱ ለምን አልጠቀመም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከባድ ስትሮክ ራሱ ሰውነትን አስጨንቆ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የጉዳቱ መንስኤ ብቻ ሳይሆን የክብደቱም ምልክት ነው። በተጨማሪም አንጎል በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ በመሆኑ፣ የተጎዳ አንጎል የስኳር ማነስን አይችልም። ይህ ማለት ግን ስኳር ችላ ይባል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያ በመጀመሪያው ቀን ከ140 እስከ 180 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይመክራል። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ዳግም ስትሮክን ለመከላከል ስኳርን ከደም ግፊትና ከኮሌስትሮል ጋር አብሮ መቆጣጠር ያስፈልጋል። የስኳር ማነስ እንዳይደርስበትም፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም። ግባችን ስኳርን እጅግ ዝቅ ማድረግ ሳይሆን አስተማማኝ በሆነ መጠን ላይ ማቆየት ሊሆን ይገባል።