የፀሐይ ብርሃንና የቤት ወጪ

በመዓልት እንዲሠለጥን የተፈጠረው ፀሐይ ሌሊቱንም ያበራልን ዘንድ ገንዘብ ማውጣት ይገባልን ብሎ የሚጠይቅ አባወራ፣ ጣራው ላይ ስለሚተከለው ሶላር ከማሰቡ አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ የተንጠለጠለውን አምፖል ሊመረምር ይገባዋል፤ ባለ 60 ዋቱ አሮጌ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲ የተባለው በ9 ዋት ገደማ ይሰጣልና፣ በየሌሊቱ ለ5 ሰዓት ቢበሩ ያኛው በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ ይህኛው አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። በዚህ ረገድ ክርክር የለም።

የሶላሩ ነገር ግን እንደ ስፍራው ይለያያል። ከግድብ ውሃ የሚመነጨው መብራት በርካሽ በሚደርሰው በአዲስ አበባ ቤት፣ የመብራት መጥፋት ካላስመረረ በቀር፣ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት ገጠር ግን፣ በጢሱ የእናትን ዓይን የሚያስለቅሰው፣ በመጽሐፉ ላይ ያቀረቀረውን ሕፃን አፍንጫ በጥላሸት የሚሞላው ኩራዝ ለላምባ የሚያስወጣውን ገንዘብ ያሰላ ሰው፣ አነስተኛዋ ሶላር በእውነት በረከት እንደሆነች ይመሰክራል።

የሶላሩ ሰሌዳ አቧራው እየተወለወለለት 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሲያገለግል ፈጥኖ የሚደክመው ባትሪው ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ሳይቀበሉ ገንዘብዎን አይክፈሉ።