አማዞን ገንዘብ ሊያልቅበት ነው ያሉት ሰዎች ሞኝ አልነበሩም

ዛሬ ላይ ቆሞ «አማዞንን የተጠራጠሩት እንዴት ተሸወዱ!» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ሒሳብ ሳየው ልቤ ወደ ተጠራጣሪዎቹ ያደላል።

እስቲ 1998ን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ድርጅቱ ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሽያጩ 610 ሚሊዮን ዶላር፣ ኪሳራው ከ120 ሚሊዮን በላይ። ለማስታወቂያና ለሽያጭ ሥራ ብቻ 133 ሚሊዮን ገደማ ወጥቷል፤ ማለትም ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ ወደ 22 ዶላር። መጽሐፍ ቸርቻሪ እኮ ነው! በመጽሐፍ ላይ ምን ያህል ትርፍ ቢኖር ነው?

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሄንሪ ብሎጄት የሚባል ወጣት ተንታኝ 243 ዶላር አካባቢ የነበረው አክሲዮን 400 ይገባል አለ። የሜሪል ሊንቹ ጆናታን ኮኸን ደግሞ 50 ነው የሚያወጣው ባይ ነበር። 400ው በሳምንታት ውስጥ ታለፈ። ኮኸን ከሜሪል ሊንች ወጣ፣ ወንበሩን ማን ያዘው? ብሎጄት።

የጭቅጭቁ ሥር ማስታወቂያው ነበር። ደጋፊዎቹ «ይሄ ወጪ አይደለም፣ ደንበኛ መግዣ ነው፤ አንዴ የመጣ ሰው ለዓመታት ይገዛል» ይላሉ። ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ «ማስታወቂያው ሲቆም ደንበኛው ርካሽ ወዳለበት ይሄዳል» ይላሉ። ማን ልክ ነው? ጥቂት ዓመት ብቻ የሠራ ሱቅ ደንበኛው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ከየት ያውቃል? ሁለቱም ወገን ይገምት ነበር፣ በቃ።

አማዞን አንድ እውነተኛ ጉልበት ነበረው። ደንበኛው በካርድ ወዲያው ይከፍላል፣ አቅራቢው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው የሚከፈለው። ዕቃ በዱቤ አንስቶ በካሽ የሚሸጥ ነጋዴን አስቡት፤ ሽያጩ እስካደገ ድረስ ሁሌም እጁ ላይ የሰው ገንዘብ አለ። ዕድገቱ ከቀዘቀዘ ግን ያው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። በሰኔ 2000 የሌማን ብራዘርሱ ራቪ ሱሪያ ጥሬ ገንዘባቸው ሊያልቅ ይችላል ብሎ ሲጽፍ አክሲዮኑ በአንድ ቀን አምስተኛው ያህል ረገፈ።

በ2001 መኸር አክሲዮኑ 6 ዶላር አካባቢ ወረደ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። በ1999 አክሲዮኑ ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ አንዱ ስድስት ሆኗል። ስለዚህ ያ 6 ዶላር በ1998 ሒሳብ 36 ነው፤ ከተሳቀበት የኮኸን 50 እንኳ በታች!

ታዲያ እንዴት ተረፉ? በየካቲት 2000፣ ገበያው ሊፈርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ አውሮፓ ውስጥ የ690 ሚሊዮን ዩሮ ቦንድ ሸጠው ነበር። ትንሽ ቢዘገዩ ማን ያበድራቸው ነበር? በ2001 የመጨረሻ ሩብ ዓመት የመጀመሪያ ትርፋቸውን አገኙ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር።

ስለ ማስታወቂያውስ? የቴሌቪዥን ማስታወቂያን በሚኒያፖሊስና በፖርትላንድ ከአንድ ዓመት በላይ ሞከሩት። ሽያጭ ጨምሯል፣ ግን ወጪውን የሚያካክስ አልሆነም። ስለዚህ በ2003 ተዉትና ገንዘቡን ለነፃ ማድረሻና ለዋጋ ቅናሽ አዋሉት። ያ ሁሉ የተጨቃጨቁበት ሱቅ አሁን ራሱ ማስታወቂያ ሻጭ ነው፤ በ2024 ብቻ ከማስታወቂያ 56 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። አብዛኛውን የሚከፍሉት ዕቃቸው ስልካችሁ ላይ ከላይ እንዲታይ የሚፈልጉ ነጋዴዎች ናቸው።