ከታች የሚገባ ብርድ

ብርድ ሲጸና ልብስ ከላይ መደረብ የሁላችንም ልማድ ነው። ጋቢው ካልበቃ ብርድ ልብስ ይጨመራል፤ ብርድ ልብሱም ካነሰ ካፖርት ይጫንበታል። ከጀርባ በታች ምን እንደተነጠፈ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው፣ ከላይ በሚገባ ለብሶ የተኛ ሰው ሙቀቱን በየት በኩል እንደሚያጣ፣ ይልቁንም ከመሬት ከፍ ብሎ በተንጠለጠለ መኝታ ላይ የሚያድር ሰው እንዴት ሞቆት ሊያድር እንደሚችል ነው።

ይህን ነገር ልብ ያልሁት ሐረር አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። በኅዳር ወር ተማሪዎችን ይዘን በሐኪም ተራራ ላይ ለማደር ወጣን። ተራራው ከከተማው በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ከላዩ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ፣ በውስጡም ተጠጋግተው የተሠሩት ቤቶችና የመስጊዶቹ ሚናራዎች ይታያሉ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ቀኗ ለስላሳ ነው፤ በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ግን ሌሊቷ ይበርዳል።

ከመምህራኑ አንዱ ከውጭ አገር የተላከለት ሃሞክ የሚባል መኝታ ነበረው። ሃሞክ ሁለት ጫፎቹ በሁለት ዛፎች ላይ የሚታሰር፣ ሰው ሲተኛበት እንደ አንቀልባ አቅፎ የሚይዝ ቀጭን ሸራ ወይም መረብ ነው። ባልደረባችን በባሕር ዛፎች መካከል ወጥሮት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ገባበት። ሁላችንም ቀናንበት። ድንጋይ አይቆረቁረው፣ ጉንዳን አይደርስበት! ሐረር ላይ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ ማደርን የሚያስመኝ ሌላም ምክንያት አለ፤ ጅቦች ሌሊት በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሾልከው ወደ ጀጎል እንደሚገቡ የታወቀ ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የባልደረባችን ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰማን። ሦስቱን ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ይጠብቁን የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ በበኩላቸው ደረቅ ሣር ጎዝጉዘው፣ በሣሩ ላይ የከብት ቆዳ ዘርግተው፣ አንድ ጋቢ ብቻ ለብሰው ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው ነበር። (ዘበኛ ስለ ምን እንደተኛ በዚያች ሌሊት ማንም አልጠየቃቸውም።) በጫጫታው ነቅተው መጡና እጃቸውን በሸራው ሥር ሰድደው ዳሰሱት። «ጋሼ፣ አልጋዎ ከላይ ለብሷል፤ ከታች ግን ራቁቱን ነው» አሉት። ወዲያውም ከሣሩ ላይ ቦታ ለቀቁለት፤ እርሱም እስኪነጋ ድረስ ተኛ።

የሽማግሌው አነጋገር ቀልድ ቢመስልም በሳይንስ ረገድ ትክክል ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ብርድ ልብስ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት እንደሌለ እንረዳ። ድንጋይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቢያድር አይሞቅም። ሙቀት አመንጪው የሰው ገላ ነው፤ የልብስ ሥራ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳይሸሽ ማዘግየት ብቻ ነው። የሚያዘግየውም በክሮቹ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ሳይነቃነቅ በተያዘው አየር ነው፤ ምክንያቱም ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው በጣም በዝግታ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራውና ከነጠላ ይልቅ የሚሞቀው በየድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው።

አሁን አንድ እፍኝ የተፈለቀቀ ጥጥ ወስዳችሁ በመዳፋችሁ መካከል ጭመቁት። እፍኝ ሙሉ የነበረው ጥጥ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ክሩ አልቀነሰም፤ የወጣው አየሩ ነው። የተኛ ሰውም ከሥሩ ያለውን ብርድ ልብስ በክብደቱ እንዲሁ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ከላይ የተደረበው ብርድ ልብስ ሲያሞቅ፣ ያው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከጀርባ በታች ሲገባ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል።

መሬት ላይ የተኛ ሰው ሙቀቱን የሚያጣው በተለይ በንክኪ ነው። ድንጋይና እርጥብ አፈር ከአየር በብዙ እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋሉ። የሆነ ሆኖ ከሥሩ ነፋስ አያልፍም። በተንጠለጠለ መኝታ ላይ ያለ ሰው ግን በአየር መካከል ነው። ሰውነቱ ከሸራው ሥር ያለውን አየር ጥቂት ባሞቀው ቁጥር ነፋስ ያን አየር ጠርጎ ይወስድና በቀዝቃዛ ይተካዋል። ትኩስ ሻይ ለማብረድ እፍ የምንለው ሌሊቱን በሙሉ በሰው ጀርባ ላይ ይደረጋል ማለት ነው። ባልደረባችን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ የተንቀጠቀጠው ስለዚህ ነበር።

ይህ የመኝታው ጉድለት ነው ብሎ ለመፍረድ ግን አያስደፍርም። ኮሎምበስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. በባሐማስ ደሴቶች ሲደርስ የአገሩ ሰዎች ከጥጥ በተሠራ መረብ ላይ ተንጠልጥለው ሲተኙ አገኛቸው። በኋላም የአውሮፓ መርከበኞች ይህንኑ በመርከቦቻቸው ውስጥ ሰቀሉት። በሞቃትና በእርጥብ አገር ነፋስ ከሥር ማለፉ ትልቅ ምቾት ነው። የቆላ መኝታ ደጋ ሲወጣ ግን ያው ምቾቱ መከራ ይሆናል።

እኛም ብንሆን ለዚህ ችግር እንግዶች አይደለንም። የጠፍር አልጋ ከሥሩ ክፍት ነው፤ በተጠላለፈው ጠፍር መካከልም አየር እንደ ልቡ ያልፋል። ስለዚህ አባቶቻችን በባዶ ጠፍር ላይ አይተኙም ነበር፤ በመጀመሪያ ጀንዲ ይነጠፋል። ጀንዲ ተፍቆ የለዘበ የከብት ቆዳ ሲሆን፣ ነፋስን ጨርሶ ስለማያሳልፍ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው ማግኘት ያስቸግራል። እንደ መንዝ ባለው ብርዳም አገር ደግሞ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና አለ። የበግ ጠጉር ተጣጥፎ ስለሚበቅል፣ ሲጫኑት ተጨፍልቆ አይቀርም፤ አየሩን ይዞ ተመልሶ ይነፋል።

በጀጎል ውስጥ ያለውን የሐረሪ ቤት ያየ ሰውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር ያስተውላል። ከበር ሲገቡ የሚገኘው ትልቁ ክፍል ወለሉ አንድ ወጥ ሳይሆን፣ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። በየመደቡም ላይ ሰሌን፣ ምንጣፍና ትራስ ይደረደራል። ነደባ የተሠራው ለብርድ ተብሎ ሳይሆን፣ ይልቁንም የተቀማጩን ማዕረግ ለመለየት ነው። ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ወለል ይወርዳል፤ ከላይኛው መደብ በምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚህ አየር ከፍ ብሎ ይገኛል። ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳም ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ እነዚህ ቤቶች ብዙ ተወስቶላቸዋል፤ ስለ ምንጣፉ ግን የሚናገር አልሰማሁም።

በሃሞክ ለማደር የሚፈልግ ሰው ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በክብደት የማይጨፈለቅ ነገር ከጀርባው በታች ማድረግ ነው፤ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ፣ እርሱም ከሌለ ድርብ ካርቶን ወይም ጭድ የተሞላ ጆንያ ይሆናል። ሸራው ትከሻን ስለሚያቅፍና ነፋስ ከጎንም ስለሚነካ፣ የሚነጠፈው ነገር ከትከሻ ስፋት ማነስ የለበትም። ሁለተኛውና የተሻለው ደግሞ ብርድ ልብሱን ከሸራው ውጭ፣ ከሥር በኩል ማንጠልጠል ነው። በዚህ ጊዜ ሰውነት ስለማይጫነው አየሩን እንደያዘ ያድራል። ከሸራው እጅግ ቢርቅ በመካከሉ ነፋስ ይገባል፤ እጅግ ቢጠብቅም ተመልሶ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ሸራውን ነካ አድርጎ፣ ጠርዙ ተጠግቶ መታሰር አለበት። ቦታ ሲመረጥ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ የሚጠራቀምበትን የሸለቆ ወለል ትቶ፣ ነፋስ በማይበረታበት በኩል የዳገቱን ወገብ መያዝ ይሻላል። በላብ የረጠበ ልብስ ለብሶ መተኛት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋልና።

ይህ ትምህርት ተራራ ላይ ለሚያድር ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች በሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ምንጣፍ ዘርግተው ያድራሉ። ብርዱ ከወለሉ መሆኑን ስለማይረዱ፣ ሲብስባቸው የከሰል ማንደጃ አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ሊጠረጥር ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ጥቂት መክፈትም አስተማማኝ አይደለም። ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው ከምንጣፉ ሥር የሚገባ ካርቶንና በደረቅ ጭድ የተሞላ ጆንያ ነበር፤ ይህም ከአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ በእጅጉ ያንሳል።

በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ተራራ ስንወጣ፣ ባልደረባችን ሃሞኩን ይዞ መጣ። የወደደው ነገር ስለሆነ አልጣለውም። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ብርድ ልብሶች በሲባጎ ከሸራው ሥር አሰራቸው፤ ከላይ የለበሰው አንዱን ብቻ ነበር። ማምሻውን ሽማግሌው ዘበኛ መጡና ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከታች ሰደዱ። ብርድ ልብሱን ወዲያና ወዲህ ዳሰሱት። «አሁን ለበሰ» ብለው ወደ ሣራቸው ሄዱ።